«በምግብ ራሱን የቻለ ወረዳ» ማለት ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንዱ አስተያየት ሰጪ «ወረዳው ራሱን ችሏል፤ ታዲያ እርዳታው ለምንድን ነው?» አለ። ማስረጃው የዓመቱን ምርት ለሕዝቡ ብዛት ማካፈሉ ነው። ይህን ስሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ።

እሺ፣ እናካፍል። በእርዳታ ቀመር ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ይያዛል፤ በዓመት 1.8 ኩንታል። 100 ሺህ ሰው ያለበት ወረዳ 180 ሺህ ኩንታል ካመረተ ጠገበ ማለት ነው? ዘሩስ? ነቀዙስ? ለማዳበሪያ ዕዳ የሚሸጠውስ? (እንሰት የሚበላበት አገር ከሆነማ ይህ ቀመር ከነአካቴው አይሠራም።)

ድግስ አስቡ። ደጋሹ «ለሁሉም ይበቃል» ይላል፤ አልዋሸም። ግን አሳላፊው ዳሱ ጥግ የተቀመጠውን ካላየው ያ ሰው ጦሙን ይመለሳል። ዘግይቶ የመጣው የድስት ጠርዝ ይደርሰዋል። የእኛ ዘግይቶ መጪ ሐምሌና ነሐሴ ናቸው፤ የአምናው እህል አልቆ የዘንድሮው ገና ማሳ ላይ ነው። ሆዱን የታመመው ደግሞ ቢቀርብለትም አይሆነውም፤ ንጹሕ ውኃ በሌለበት ቀበሌ ተቅማጥ ያዳከመውን ሕፃን ቁጠሩት። ምሳሌዬ የሚሰበረው እዚህ ጋ ነው፦ ድግስ ላይ ማንም አይከፍልም።

ወረዳ ውስጥ ግን ይከፈላል። የ66ቱን የወሎ ረሃብ ያጠናው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን የአገሪቱ ምርት ያን ያህል እንዳልወደቀ፣ ደሴ ላይም የእህል ዋጋ ብዙ እንዳልናረ አሳይቷል። እንዲያውም ከወሎ እህል ይወጣ ነበር። ገበሬው ሰብሉ ሲጠፋ መብሉም መግዣውም አንድ ላይ ሄዱበት።

ስለዚህ ጥያቄው ወረዳው ስንት ኩንታል አገኘ አይደለም። እያንዳንዱ ቤት፣ ክፉ ዓመት ቢመጣም፣ አምርቶም ይሁን ገዝቶ፣ በሬውን ሳይሸጥ ክረምቱን ይሻገራል ወይ ነው። በ1997 በተጀመረው ሴፍቲኔትም (የምግብ እጥረት ላለባቸው ቤተሰቦች በሚሰጠው ድጋፍ) «ተመረቀ»፣ ማለትም ራሱን ችሎ ከድጋፉ ወጣ፣ የሚባለው ቤተሰብ እንጂ ወረዳ አይደለም።

እኛ የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ላይ የምንሠራ ሰዎች ከጎተራው እኩል ገበያውን የምናየው ለዚህ ነው። አንድ ፍየል ስንት ኪሎ በቆሎ ይገዛል? ድርቅ ሲመጣ የእህል ዋጋ ይወጣል፣ የከብት ዋጋ ይወርዳል፤ መሃል ላይ ያለው ሰው ይጨመቃል።

አንዴ ቆላ ገበያ ላይ አንድ አባወራ ፍየሉን ይዞ እስከ ቀትር ቆሞ አይቻለሁ። የጠራውን ዋጋ ቀነሰ፤ ደግሞ ቀነሰ። ሸጦ በቆሎ አሰፈረ። አህያ አላስፈለገውም፣ በትከሻው ያዘው። የዚያው ወረዳ ደጋ ቀበሌዎች ግን ገብሳቸው ተከምሮ ውቂያ ይጠብቅ ነበር። በሪፖርቱ አማካይ ወረዳው ጠግቧል።