ባዳሚ፦ የቀይ ገደል፣ የሐይቅና የጥንት መቅደሶች ከተማ

የፈረሰችውን የጥንት ከተማ ሃምፒን ለማየት ወደ ደቡብ ሕንድ የሚሄድ ቱሪስት ብዙውን ጊዜ ባዳሚን የሚያያት በመንገድ ላይ ነው። ለሁለት ሰዓት ይወርዳል፣ ዋሻዎቹን ፎቶ ያነሳል፣ ተመልሶ መኪናው ውስጥ ይገባል። ይሄ ለባዳሚ አይበቃም። እዚህ መቅደሱን ለብቻ፣ ተፈጥሮውን ለብቻ ማየት አይቻልም። መቅደሶቹ የተፈለፈሉት ከገደሉ ነው፣ ሐይቁ የሚሞላው ከገደሉ በሚወርደው የዝናብ ውሃ ነው፣ የከተማዋ ሴቶችም እስከ ዛሬ ልብስ የሚያጥቡት በሐይቁ ደረጃዎች ላይ ነው። ቢያንስ ሁለት ሌሊት ማደር ያስፈልጋል።

ባዳሚ በካርናታካ ግዛት ሰሜናዊ ክፍል፣ በባጋልኮት አውራጃ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። አንድ ዋና መንገድ አለ፣ አውቶቡስ ጣቢያ አለ፣ መጠነኛ ሆቴሎችና ሻይ ቤቶች አሉ። ከዋናው መንገድ ወደ ምሥራቅ ስትታጠፉ ቤቶቹ እየተጠጋጉ፣ መንገዱ እየጠበበ ይሄድና በመጨረሻ ሐይቁ ፊታችሁ ድቅን ይላል። ዙሪያውን ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ገደል ከቦታል።

ሐይቁ አጋስቲያ ይባላል፤ ስሙ የመጣው ከአንድ ባሕታዊ ነው። በድሮ ጊዜ ኢልቫላና ቫታፒ የሚባሉ ሁለት ወንድማማች አጋንንት ነበሩ ይላሉ። ቫታፒ በግ ይሆናል፤ ኢልቫላ ያርደውና ወጥ ሠርቶ መንገደኛ ይጋብዝበታል። እንግዳው በልቶ ሲጨርስ «ቫታፒ፣ ና ውጣ!» ብሎ ይጣራል፣ ቫታፒም የሰውየውን ሆድ ቀዶ ይወጣል። አንድ ቀን አጋስቲያ መጣ። የቀረበለትን ሙልጭ አድርጎ በላ። ኢልቫላ ቢጣራ፣ ቢጣራ መልስ የለም። አጋስቲያ ሆዱን እያሻሸ «ቫታፒማ ተፈጭቷል» አለው። ከሐይቁ ግራና ቀኝ የቆሙት ሁለት ኮረብታዎች ወንድማማቾቹ ናቸው ይባላል፤ የከተማዋም የጥንት ስም ቫታፒ ነበር።

ታሪኳ ከስፋቷ ጋር አይመጣጠንም። የቻሉክያ ነገሥታት ዋና ከተማ ነበረች። ቀዳማዊ ፑላኬሺን እ.ኤ.አ. በ543 ገደሉ ላይ ምሽግ ሠራ፤ ከእሱ በኋላ የመጡት እስከ 8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ደካን የሚባለውን የደቡብና የመካከለኛው ሕንድ አምባ አብዛኛውን ክፍል ገዙ። ከሁሉም ገናናው ዳግማዊ ፑላኬሺን ነው፤ የሰሜን ሕንዱን ንጉሥ ሃርሻን ያቆመው እሱ ነው። ግን የደቡቡ ፓላቫ ንጉሥ ናራሲምሃቫርማን በ642 ገደማ መጥቶ ከተማዋን ያዘ። ከብዙ ዘመን በኋላ ባዳሚ በቢጃፑር ሱልጣኖች እጅ ወደቀች። እዚህ ላይ እኛንም የሚነካ ነገር አለ። በቢጃፑር ቤተ መንግሥት ከእኛ አካባቢ በባርነት የተወሰዱ፣ «ሐበሺ» የሚባሉ ሰዎች ወታደርና ሹም ይሆኑ ነበር፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢኽላስ ኻን የተባለው ሐበሻ ዋና ሚኒስትር እስከመሆን ደርሷል። ቢጃፑር ዛሬ ቪጃያፑራ ትባላለች፤ ከባዳሚ በባቡርም በመኪናም ይደረሳል፣ ጊዜ ያለው ሰው ባያልፋት ጥሩ ነው።

ወደ ዋሻዎቹ እንመለስ። አራት ናቸው፣ ከሐይቁ በስተ ደቡብ ባለው ገደል ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረዋል፣ በደረጃ ነው የሚወጣው። ጠራቢዎቹ ከገደሉ ፊት ጀምረው ወደ ውስጥ እየፈለፈሉ ሄዱ፤ ምሰሶዎቹ ከውጭ የመጡ ሳይሆኑ ሲፈለፈል የተተዉ የአለቱ አካል ናቸው። የመጀመሪያው ዋሻ ከሂንዱ ታላላቅ አማልክት አንዱ የሆነው የሺቫ ነው። ከመግቢያው በስተ ቀኝ 18 እጅ ያለው ሺቫ ይጨፍራል። እዚህ ጋ አትቸኩሉ። አስጎብኚዎቹ የሚሉት አላቸው፦ ከቀኝ አንድ እጅ፣ ከግራ አንድ እጅ እየመረጣችሁ ሌሎቹን በሐሳባችሁ ሸፍኗቸው፤ በእያንዳንዱ ጥንድ ሌላ የጭፈራ አቋም ታያላችሁ። ዘጠኙን በዘጠኝ ስታባዙት 81 ይመጣል። እግሩ ሥር የዝሆን ራስ ያለው አምላክ ጋኔሻ ቆሟል፣ ከበሮ መቺም አለ።

ሁለተኛውና ሦስተኛው የሌላው ታላቅ የሂንዱ አምላክ የቪሽኑ ናቸው። ሦስተኛው ከሁሉም ትልቁና፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከሁሉም የሚበልጠው ነው። ቪሽኑ በተጠመጠመ እባብ ላይ ተቀምጧል፤ ከምሰሶዎቹ ራስ ላይ ጥንዶች ተቀርጸዋል፤ ጣሪያው አካባቢ የደበዘዘ የጥንት ቀለም ቅብ ርዝራዥ ይታያል። ይህን ዋሻ ከሌሎቹ የሚለየው ግን ዘመኑ በጽሑፍ መታወቁ ነው። ማንጋሌሻ የተባለው ልዑል በወንድሙ በንጉሥ ኪርቲቫርማን ዘመን እንዳሠራው ግድግዳው ላይ ተጽፏል፣ ዓመቱም 578 ነው። አራተኛው ዋሻ ጃይና የሚባለው፣ ከሂንዱ የተለየ ጥንታዊ የሕንድ እምነት ነው። የጃይናዎቹ ቅዱስ ባሁባሊ ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቅ ቆሞ ከመጸለዩ የተነሳ ሐረግ እግሩ ላይ ሲጠመጠም የሚያሳየውን ቅርጽ እዩት።

ጦጣዎቹን ተጠንቀቁ። ብስኩትና ሙዝ በእጅ ይዞ ደረጃ መውጣት ለእነሱ ግብዣ ነው፤ ፌስታል ካዩ ይነጥቃሉ።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትበርድ የሐይቁን ዳር ይዛችሁ ወደ ምሥራቅ ጫፍ ሂዱ። የቡታናታ መቅደስ እዚያ ነው። ሐይቁ ሲሞላ ውሃው እስከ መቅደሱ ድንጋይ ድረስ ይመጣል። በዝናብ ወራት ከዚያው አካባቢ አካ ታንጊ የሚባለው ፏፏቴ ከገደሉ ይወርዳል፤ ታላቅና ታናሽ እህት ማለት ነው፣ ሁለት ሆኖ ስለሚወርድ። ዝናቡ እንደ እኛው ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ሚያዝያና ግንቦት ግን አይመከርም፤ ድንጋዩ ይግላል፣ ሐይቁም ይቀንሳል። ምቹው ጊዜ ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። በስተ ሰሜን፣ ከሙዚየሙ ጎን፣ በሁለት ግድግዳ መሰል አለቶች መሐል የሚያልፍ ጠባብ መንገድ ወደ ላይኛው ምሽግ ይወስዳል፤ ከላይ ሆኖ ከተማውም ሐይቁም ዋሻዎቹም ባንድ ላይ ይታያሉ። ገደል የሚወጡ ስፖርተኞችም ለዚህ ድንጋይ ሲሉ ከሩቅ ይመጣሉ።

ከከተማው 5 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ባናሻንካሪ የምትባለው እንስት አምላክ መቅደስ አለ። ዋሻዎቹ ዛሬ ቅርስ ናቸው፤ ይሄኛው ግን በየቀኑ ሰው የሚሳለምበት ነው። ስለዚህ ጫማ ማውለቅ ግዴታ ነው፣ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ያስፈልጋል፣ ጣዖቷ ያለችበትን የውስጥ ክፍል ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ከመቅደሱ ፊት በድንጋይ የታጠረ ሰፊ የውሃ ገንዳ አለ። ግቢው አካባቢ ሴቶች በቅርጫት የማሽላ ቂጣ፣ የባዝንጃን ወጥ፣ የለውዝ ዱቄት በበርበሬና እርጎ ይዘው ይቀመጣሉ። ቂጣው ስስ ነው፣ እየቆረሱ ወጡን ማጥቀስ ነው። ሆቴል ከሚቀርበው ሁሉ ይሄን እመርጣለሁ።

ማሃኩታ ከባናሻንካሪ ጋር ባንድ ቀን ይታያል፦ በትልልቅ ዛፎች የተከበቡ የሺቫ መቅደሶችና ከምንጭ የሚሞላ ገንዳ፣ ልጆች የሚዋኙበት።

ሌላውን ቀን ለፓታዳካልና ለአይሆሌ ስጡት። ፓታዳካል 22 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ በማላፕራባ ወንዝ ዳር ነው፣ በ1987 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። የሰሜን ሕንድና የደቡብ ሕንድ የመቅደስ አሠራር ባንድ ግቢ ጎን ለጎን ቆመው የሚታዩበት ቦታ ነው። ትልቁን የቪሩፓክሻ መቅደስ ያሠራችው ንግሥት ሎካማሃዴቪ ናት፤ ባሏ ዳግማዊ ቪክራማዲትያ ፓላቫዎችን ድል ላደረገበት መታሰቢያ። ቻሉክያዎቹ በ642 ገደማ ፓላቫዎች የወሰዱባቸውን ቫታፒን አልረሱም ነበር። አይሆሌ ትንሽ ራቅ ይላል፤ ከ100 በላይ መቅደሶች በመንደሩ ቤቶች መሐል ተበትነዋል።

መጓጓዣው ቀላል ነው። ከግዛቱ ዋና ከተማ ከቤንጋሉሩ (ባንጋሎር) የሌሊት ባቡር አለ፤ ጣቢያው ከከተማው 5 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ባጃጅ ትይዛላችሁ። በአየር ከሆነ ቅርቡ ሁባሊ ነው። ለፓታዳካልና ለአይሆሌ የአካባቢው አውቶቡስ አለ፣ ግን ስለሚያስጠብቅ ለቀኑ ባጃጅ ወይም ታክሲ መኮናተር ይሻላል፤ ዋጋውን ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ። የባናሻንካሪ ዓመታዊ በዓል በጥርና በየካቲት አካባቢ ነው፣ ሠረገላ ይጎተታል፣ የከብት ገበያ ይቆማል፣ ሳምንታት ይቆያል። በዚያ ሰሞን የምትሄዱ ከሆነ ክፍል አስቀድማችሁ ያዙ።