በፕላስቲክ ዕቃ ሥር ያለው ቁጥር ምን ማለት ነው?

በውኃ ጠርሙስ ወይም በዘይት ጀሪካን ሥር፣ በሦስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈው ቁጥር የሚናገረው የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው ለመልሶ መጠቀም ቆሻሻን ለመለየት ነው፤ ዕቃው ለምግብ ይሁን አይሁን አይገልጽም። ለምግብ መሆኑን የሚያሳየው የብርጭቆና የሹካ ምልክት ነው።

1 ቁጥር የውኃና የለስላሳ ጠርሙስ ነው። 70 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ስለሚጀምር የፈላ ውኃ አይግባበት፤ በድሬዳዋ ፀሐይ ላይም አይሰጣ። ለምስር፣ ለሩዝ፣ ለሽሮ ማስቀመጫ ግን በቂ ነው። 5 ቁጥር ሙቀት ይችላል። 3ንና 6ን ለምግብ ባንጠቀምባቸው ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዘይት ጀሪካን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 2 ቁጥር ነው። ግድግዳው ላይ የቀረው ዘይት እየቆየ ይበላሽና አዲስ የሚጨምሩበትን ነገር መጥፎ ሽታ ያስይዘዋል። ለብ ያለ ውኃ፣ ፈሳሽ ሳሙናና አንድ እፍኝ ጥሬ ሩዝ ጨምረው በኃይል ይነቅንቁት፤ ሩዙ እጅ የማይደርስበትን ጥግ ይፍቀዋል። ካለቀለቁ በኋላ አፉን ደፍተው ጥላ ውስጥ ሙሉ ቀን ያድርቁት። ካልደረቀ፣ ከድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ ገዝተው የሚጨምሩበት በርበሬ ትንሽ እርጥበት ካገኘ ይሻግታል። ናፍጣ ወይም የተባይ መድኃኒት የያዘ ጀሪካን ግን የቱንም ያህል ቢታጠብ ለምግብ አይሆንም።