ቲፕ ክሬዲት ምንድን ነው? የአስተናጋጁን ደመወዝ የሚከፍለውስ ማን ነው?

ጉርሻ በአማርኛ ሁለት ነገር ነው። ጠቅልለን በወዳጅ አፍ የምናስገባው እንጀራም፣ ለአስተናጋጅ ከሒሳብ በላይ የምንተወው ገንዘብም በዚሁ ስም ይጠራል፤ በሁለቱም ሰጪው በፈቃዱ ይሰጣል፣ ተቀባዩም ከድርሻው በላይ እንደመጣለት ቆጥሮ ይቀበላል። አሜሪካ መጥቶ ሬስቶራንት ውስጥ ሥራ የጀመረ ሐበሻ ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በአብዛኞቹ ግዛቶች ሕግ ቲፕ በደመወዝ ላይ የሚታከል ስጦታ ሳይሆን የደመወዙን ጎዶሎ የሚሞላ ገንዘብ ተደርጎ ሊቆጠር ይችላልና። ይህን የሚፈቅደው የሕግ ድንጋጌ ቲፕ ክሬዲት ይባላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሕጉ ለእያንዳንዱ የሥራ ሰዓት ከዚያ በታች መክፈል የማይቻልበትን የደመወዝ ወለል ያስቀምጣል፤ ቲፕ የሚያገኝ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ግን ከራሱ ኪስ የሚከፍለውን ቀንሶ፣ ቀሪውን ደንበኛው እንደከፈለለት እንዲቆጥር ይፈቀድለታል። በፌዴራል ሕግ ወለሉ ከ2009 ጀምሮ (የአሜሪካን ነገር ሳወራ ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ሲሆን፣ አሠሪው የግድ መክፈል ያለበት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ ነው። በመካከሉ ያለው 5 ዶላር ከ12 ሳንቲም ቲፕ ክሬዲቱ ነው።

ይህች 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም የምትባል ያልተለመደች ቁጥር ከየት መጣች? በ1966 ሕጉ ተሻሽሎ የሬስቶራንትና የሆቴል ሠራተኞችን ማቀፍ ሲጀምር፣ አሠሪዎች የወለሉን እስከ ግማሽ በቲፕ እንዲያካክሱ ተፈቀደላቸው። በ1991 ወለሉ 4 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነበርና ግማሹ ሲጠጋጋ ይህን ሆነ። በ1996 ኮንግረስ አጠቃላዩን ወለል ከፍ ሲያደርግ የአስተናጋጁን ክፍያ ግን ባለበት ተወው፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ሳንቲም አልተጨመረበትም።

ግዛቶች ከዚህ የተሻለ መደንገግ ይችላሉ። ካሊፎርኒያ፣ ዋሽንግተን ግዛት፣ ኦሪገን፣ ኔቫዳ፣ ሚኒሶታ፣ ሞንታናና አላስካ ቲፕ ክሬዲትን ጨርሶ አይፈቅዱም፤ ሲያትል ወይም ላስ ቬጋስ የሚያስተናግድ ሰው ሙሉውን ወለል ከአሠሪው ተቀብሎ ቲፑን በላዩ ይጨምራል። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያለው ሐበሻ ግን በአንድ የአውቶቡስ ጉዞ ርቀት ውስጥ ሦስት ሕግ አለበት። አርሊንግተን ወይም አሌክሳንድሪያ ለሚሠራ የቨርጂኒያ አሠሪው 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ከከፈለ ይበቃዋል፤ በሜሪላንድ የግዛቱ ሕግ 3 ዶላር ከ63 ሳንቲም ይላል፤ በዲሲ ደግሞ የከተማው መራጮች በ2022 ቲፕ ክሬዲት ደረጃ በደረጃ እንዲቀር ከወሰኑ በኋላ ክፍያው በሐምሌ 2024 10 ዶላር ደርሷል፣ ምንም እንኳ ምክር ቤቱ በ2025 ጭማሪውን ቢያዘገየውም። እንግዲህ ያው ሥጋ ጥብስ፣ ያው ትሪ፣ ወንዝ ሲሻገር ሌላ ደመወዝ አለው ማለት ነው።

ብዙዎች የማያውቁት የሕጉ ግማሽ ግዴታው ነው። ቲፑ ጎዶሎውን ካልሞላ አሠሪው ከኪሱ መሙላት አለበት፤ ስሌቱም የሚሠራው በሳምንት ነው። በቨርጂኒያ በ2025 ወለሉ 12 ዶላር ከ41 ሳንቲም ነበር። 30 ሰዓት የሠራች አስተናጋጅ በትንሹ 372 ዶላር ከ30 ሳንቲም ማግኘት አለባት፤ አሠሪዋ 63 ዶላር ከ90 ሳንቲም ከከፈላትና የሳምንቱ ቲፕ 250 ዶላር ከሆነ የጎደለውን 58 ዶላር ከ40 ሳንቲም የሚጨምረው እሱ ነው። ማክሰኞ ቀን ባዶ ቤት ቆማ መዋሏ ግን ቅዳሜ ማታ ባገኘችው ይሸፈናል፤ ሳምንቱ በአንድ ላይ ስለሚታይ ለማክሰኞ ብቻ የሚጠየቅ የለም።

የመጀመሪያዋን ቼኬን አስታውሳለሁ። የሁለት ሳምንት ሥራ ነበር፤ ፖስታውን ስከፍት ከአሥር ዶላር የማይበልጥ አየሁና ተሳስተው የሌላ ሰው የሰጡኝ መሰለኝ። ስሕተት አልነበረም። በካርድ የተተወልኝ ቲፕ በየማታው በእጄ ተሰጥቶኝ አልቋል፤ ታክሱ ግን ከደመወዜ ሲቀነስ የቀረችው ያቺ ናት። ቼኩ ባዶ ሆኖ የሚመጣበትም ጊዜ አለ፤ ያኔ ኪራይ የሚከፈለው በሽርጥ ኪስ ውስጥ በሚታጠፈው ገንዘብ ነው።

አሠሪው ቲፕ ክሬዲት ሲጠቀም እጁ የሚታሰርባቸው ነገሮችም አሉ። ለተሰበረ ብርጭቆ ወይም ሳይከፍል ለወጣ ደንበኛ ከአስተናጋጁ መቁረጥ አይችልም፤ ክፍያው ወለሉ ላይ ስላለ የሚቆረጠው ሁሉ ከወለሉ በታች ያወርደዋልና። ከ2018 ወዲህ ባለቤትም ሆነ ማኔጀር ከሠራተኞች የጋራ ቲፕ መውሰድ በግልጽ ተከልክሏል። የትርፍ ሰዓት ሒሳብም አለ፤ በፌዴራሉ ወለል ከ40 ሰዓት በላይ ያለው እያንዳንዱ ሰዓት 5 ዶላር ከ76 ሳንቲም እንጂ የ2 ዶላር ከ13 ሳንቲም አንድ ተኩል አይደለም፤ መጀመሪያ ሙሉው ወለል በአንድ ተኩል ይባዛና ክሬዲቱ ከዚያ ይቀነሳል። እኔ በሠራሁበት አንድ ቤት ይህ ስሌት በተቃራኒው ይሠራ ነበር፤ ለጠየቀ ሰው የሚሰጠው መልስ ደግሞ «እኛ ሐበሾች አይደለንም እንዴ?» የሚል ነበር።

ከአገር ቤት ልምድ ጋር የሚምታታ ሌላ ነገር የአገልግሎት ክፍያ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በትላልቅ ሆቴሎች ሒሳብ ላይ 10 በመቶ ይታከላል፤ የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ከደንበኞች የሚገኘውን የአገልግሎት ክፍያ ደመወዝ ከማይባሉት ክፍያዎች መካከል ይቆጥረዋል። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ግን በግዴታ የታከለ የአገልግሎት ክፍያ ቲፕ ሳይሆን የቤቱ ገቢ ነው። ስለዚህ ስድስት ሆነው መጥተው 18 በመቶ ታክሎባቸው የከፈሉ እንግዶች አስተናጋጇን አመስግነው የሄዱ ይመስላቸዋል፤ ለእሷ ምን ያህል እንደደረሳት ግን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው።

ታዲያ ሥራው ያዋጣል? በእኔ ግምት የሚያዋጣው ጠረጴዛ ቶሎ በሚለቀቅበት፣ መጠጥ በሚሸጥበትና የዓርብና የቅዳሜ ሺፍት በሚገኝበት ቤት ነው። የእኛ ቤቶች እዚህ ላይ የራሳቸው ጠባይ አላቸው። አራት ሰው አንድ በያይነቱ ከበው ይበላሉ፤ ሒሳቡ ትንሽ ነው፣ ቲፑም በመቶኛ ስለሚሰላ እንዲሁ ትንሽ ነው፤ በዚያ ላይ ቡና ተፈልቶ ጨዋታው ሲደራ ጠረጴዛው ሦስት ሰዓት ይያዛል። ደግ ባህል ነው፤ በቲፕ ለሚኖር ሰው ግን ውድ ባህል ነው። ስለዚህ በአንድ ማታ የተገኘውን ጥሩ ገንዘብ ሳይሆን የሳምንቱን ጠቅላላ ገቢ፣ ጽዳቱንና ናፕኪን ማጠፉን ጨምሮ በተሠራው ሰዓት ሁሉ ማካፈል ይገባል።

የቀረው ነገር በወረቀት ላይ ያለው ገቢ ነው። በአንድ ወር 20 ዶላርና ከዚያ በላይ ቲፕ ያገኘ ሰው በተከታዩ ወር እስከ 10ኛው ቀን ለአሠሪው ማሳወቅ አለበት፤ በጥሬ ገንዘብ የሚገኘውን አለማሳወቅ ግን በሬስቶራንቱ ዓለም እንደ ብልጠት ይታያል። ከ2025 እስከ 2028 ድረስ በዓመት እስከ 25,000 ዶላር የሚደርስ የተመዘገበ ቲፕ ከፌዴራል የገቢ ታክስ ስሌት እንዲቀነስ ስለተፈቀደ፣ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር (ለጡረታና ለአረጋውያን ሕክምና) የሚቆረጠው 7.65 በመቶ ቢቀጥልም፣ የመደበቁ ጥቅም ቀድሞ ከነበረው አንሷል። ጉዳቱ ግን እንዳለ ነው። አገር ቤት ያለች ሚስቱን ማምጣት የሚፈልግ ሰው ለሁለት ሰው ቤተሰብ በ2025 መለኪያ ቢያንስ 26,437 ዶላር ዓመታዊ ገቢ ማሳየት ነበረበት፤ የሚያሳየውም በታክስ ወረቀቱ ነው። በየማታው መቶ ሃምሳ ዶላር በጥሬው ይዞ ሲገባ የኖረ አስተናጋጅ፣ ወረቀቱ ላይ 14,000 ብቻ ሰፍሮ ሲገኝ፣ አብሮ የሚፈርምለት ዘመድ ፍለጋ ስልክ መደወል ይጀምራል።