በእንፋሎት ማብሰል ምንድን ነው?

«በእንፋሎት የበሰለ አሳ» ተብሎ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ቅቅል ነው። አሳው ነጭ ሽንኩርትና ጦስኝ ያለበት ውሃ ውስጥ ተኝቶ ከተንተከተከ፣ ክዳን ስለተደረገበት ብቻ ስሙ አይለወጥም። በእንፋሎት በሰለ የሚባለው ውሃው ሳይነካው ሲበስል ነው።

እንጀራ ጋጋሪ ይህን ታውቀዋለች። እንጀራ አይገለበጥም፤ ታቹን ምጣዱ ያበስለዋል፣ ላዩን ደግሞ አክንባሎው አፍኖ የያዘው እንፋሎት። አክንባሎው ካልገጠመ ላዩ ሊጥ ሊጥ ይላል፤ ክዳኑ በየደቂቃው የሚከፈት ድስትም እንደዚያው ነው። አክንባሎ ሾጣጣ ስለሆነ ጠብታው ወደ ጠርዝ ይወርዳል። ዝርግ የድስት ክዳን ግን አሳው ላይ ያንጠባጥባል፤ ስለዚህ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጫፉ ከእሳት ርቆ ወደ ላይ ይታሰር። ልዩነቱ እንጀራ እንፋሎቱን ከራሱ ሊጥ ማውጣቱ ነው፤ አሳ ግን ከሥሩ ውሃ ይፈልጋል።

«ውሃው ላይ ጨው አብዙ፣ እንፋሎቱ ለአሳው ያደርሰዋል» የሚሉ ግን አሉ። አያደርሰውም! ውሃ ሲተን ጨው እዚያው ይቀራል፤ አፍዴራ ላይ ጨው የሚመረተውም በዚሁ ምክንያት ነው። የጦስኝና የነጭ ሽንኩርት ሽታ ትንሽ ይከተል ይሆናል፣ ጨው ግን ፈጽሞ። ቅመሙ የሚገባው አሳው ላይ ነው።

ለግማሽ ኪሎ የተጠረገ የሐይቅ ቆሮሶ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አራት ፍሬ የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርትና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ይበቃል። ጎኑ ሦስት ቦታ በቢላ ይሰንጠቅና ይታሽ፤ ጦስኙ ሆዱ ውስጥ ይግባ። ድስቱ ውስጥ ሁለት ጫፉ የተከፈተ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ አቁሞ፣ ላዩ ላይ ጎድጓዳ ሰሃን ማስቀመጥ ነው። ውሃው ከሰሃኑ ሁለት ጣት ዝቅ ይበል። አሳው የሚገባው ውሃው ከተንፈቀፈቀ በኋላ ነው። ከ15 ደቂቃ በኋላ አከርካሪው አጠገብ ያለው ሥጋ ነጭ ሆኖ ከአጥንቱ ከለቀቀ ይውጣ። ቴርሞሜትር ያለው 63 ዲግሪ ይጠብቅ። መረቁ ሰሃኑ ላይ የተጠራቀመው ጭማቂ እንጂ ከሥር የቀረው ውሃ አይደለም።

ሌላው ደግሞ «ደሴ ደጋ ስለሆነች ውሃ ቶሎ ይፈላል፣ ምግብም ቶሎ ይበስላል» የሚለው ነው። ቶሎ መፍላቱ እውነት ነው፤ የሚፈላው ግን ሳይሞቅ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ኮምቦልቻ 94 አካባቢ። እንፋሎቱም ከዚያ አይበልጥም፤ እሳቱን ማንደድ ውሃውን ይጨርሳል እንጂ ሙቀት አይጨምርም። አሳ 63 ዲግሪ ስለሚበቃው፣ ለባሕር ወለል ከፍታ በተነገረው ሰዓት ላይ ሁለት ደቂቃ መጨመር ነው። ከፍታው የሚፈትነው ሽንብራና ባቄላን ነው፤ ለእነሱ ፕሬሸር ድስት ያስፈልጋል።