ወፌ ሐሳቤን ታነባለች? ቴሌፓቲ የሚባለው የቱ ነው?

ወፍ የሚያሳድጉ ሰዎች «ገና ከወንበሬ ሳልነሳ ልወጣ መሆኑን ታውቃለች» ሲሉ ትሰማላችሁ። ብዙዎቹ ይህን ቴሌፓቲ ይሉታል። የቃሉ ትርጉም ግን ጠበብ ያለ ነው። እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ማየርስ እ.ኤ.አ. በ1882 «ሩቅ» እና «ስሜት» ከሚሉ የግሪክ ቃላት ነው የፈጠረው፤ ሐሳብ ሳይታይ፣ ሳይሰማ፣ በየትኛውም የስሜት ሕዋስ ሳያልፍ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲደርስ ማለት ነው።

ስለዚህ ወፏ እያየችህ ከገባት ቴሌፓቲ አይባልም። የበቀቀን ዓይኖች ግራና ቀኝ ስለሆኑ ዙሪያዋን በሰፊው ታያለች፣ እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ሳይቀር። ቁልፍህን ስትፈልግ፣ ጫማህን በዓይንህ ስታማትር ልብ ልትልህ ትችላለች። ለእኔ ይሄ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

በብዛት የሚጠቀሰው ሙከራ የተደረገው ንኪሲ በተባለ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ በሚኖር የአፍሪካ ግራጫ በቀቀን ላይ ነው። ባለቤቱ ሌላ ክፍል ሆና ፎቶ ታያለች፣ እሱ ብቻውን ያወራል፣ ሁለቱም ይቀረጻሉ። እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ሩፐርት ሼልድሬክ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ጽሑፍ ቃላቱ ከፎቶዎቹ ጋር የገጠሙት በአጋጣሚ ከሚጠበቀው በላይ ነው አለ። ተቺዎች ግን ወፉ ከፎቶዎቹ ጋር እንዲመሳከሩ ከተመረጡት ቃላት አንዱንም ያልተናገረባቸው ዙሮች ከስሌቱ መውጣታቸውን አልተቀበሉትም፤ እኔም አልቀበለውም።

ቤት ውስጥ መሞከር ከፈለግህ ወፏ የማታይህና የማትሰማህ ቦታ ሁን። አንተ የምታስብበትን ሰዓት በዕጣ አውጣ። ሰዓቱን የማያውቅ ሰው ሁኔታዋን ይመዝግብ፣ ዝም ያለችበትንም ጭምር።