ጅማ ሆኖ ለውጭ ድርጅት መቀጠር፦ የሠራተኛ ሕጉ ምን ይላል?

ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ጅማ ከውጭ ገበያ ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። ያስተዋወቃት ቡና ነው። ዛሬ ከቡናው ጎን ጉልበትና እውቀትም ለውጭ ቀጣሪ ቀርቧል። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በዋናነት ለልብስና ለጨርቃ ጨርቅ አምራቾች የታሰበ ነው። ኪቶ ፉርዲሳ በሚባለው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ የተማረ ልጅ ደግሞ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ቁጭ ብሎ፣ ላፕቶፑን ከፍቶ፣ አውሮፓ ላለ ድርጅት ኮድ ሊጽፍ ይችላል። ቡና ቀማሽም እንዲሁ ናሙናውን እዚሁ ቀምሳ ውጤቱን በኢሜይል ትልካለች።

ቀጣሪው ባሕር ማዶ፣ ሠራተኛው ጅማ ሲሆን የማን አገር ሕግ ይሠራል? የብዙ አገሮች መነሻ ተመሳሳይ ነው። ሥራው የሚሠራበት አገር ሕግ ያስቀመጠው ዝቅተኛ መብት ይከበራል። ኬንያ ውስጥ ሰው የቀጠረ ድርጅት በዓመት 21 የሥራ ቀን ዕረፍት ይሰጣል። ፈረንሳይ የቀጠረ በሳምንት 35 ሰዓት ከሚለው ይነሳል። ጅማ የቀጠረ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ማንበብ አለበት።

ችግሩ ብዙ ጊዜ ገና ከውሉ ርዕስ ይጀምራል። ውሉ ላይ «ነፃ ባለሙያ» ወይም «ፍሪላንሰር» ተብሎ ይጻፋል። ልጁ ግን በተባለው ሰዓት ይገባል። አለቃ አለው። ሳያስፈቅድ አይቀርም። በየወሩ ያው ገንዘብ ይላክለታል። አዋጁ የሥራ ውል የሚለው አንድ ሰው በአሠሪ አመራር ሥር ሆኖ ለደመወዝ ሲሠራ ነው። በራሱ ንግድ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራን ሰው ግን አይሸፍንም። ስለዚህ ንግድ ፈቃድ አውጥቶ፣ ሦስት አራት ደንበኛ ይዞ፣ በራሱ ሰዓት ዲዛይን የሚሠራ ሰው በእርግጥም ነፃ ባለሙያ ነው። ያኛው ልጅ ሠራተኛ ነው፤ ወረቀቱ ምንም ቢለው። ይህን አጥብቄ የምለው ጉዳቱ ልጁ ላይ ስለሚወድቅ ነው። ሲታመም የሚከፈለው የለም፣ ጡረታ አይጠራቀምለትም፣ ሲወጣ እንኳ የሥራ ልምድ ወረቀት አያገኝም።

ድርጅቶቹ ይህን መንገድ የሚመርጡበት ምክንያት አለ። የውጭ ባለሀብት ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻውን ለሚያካሂደው አንድ ፕሮጀክት በመደበኛው ቢያንስ 200,000 ዶላር ካፒታል ይጠየቃል። አንድ ፕሮግራመር ለመቅጠር ይህን ሁሉ የሚያወጣ የለም። መሐል ላይ ያለው አማራጭ እዚሁ የተመዘገበ ድርጅት በወረቀት ቀጣሪ እንዲሆን ማድረግ ነው። ሥራውን የሚያዘው የውጭው ነው፤ ውሉን የሚፈርመው፣ ደመወዙን የሚከፍለውና ግብሩን የሚያስገባው የአገር ውስጡ። በብዙ አገር የተለመደ አሠራር ነው። ለሠራተኛውም ይሻላል ባይ ነኝ፤ ቢያንስ ሲበደል አገሩ ላይ የሚጠይቀው አካል ይኖራል።

ቀጣሪው በየወሩ የሚቆርጠው ሁለት ነገር አለ። አንዱ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ነው፤ አሠሪው የደመወዙን 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ። ሌላው የሥራ ግብር ነው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕግ እስከ 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበታል። ለግሉ ዘርፍ በጥቅሉ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ እስካሁን የለም። ይህ ትልቅ ክፍተት ነው፤ በተለይ ለፋብሪካ ሠራተኞች።

ሰዓቱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። መደበኛው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። በበጋ ኒውዮርክ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ጅማ ከቀኑ አሥር ሰዓት ይሆናል። የእነሱን የሥራ ቀን የሚከተል ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ይጨርሳል። ከዚያ በላይ ቆይ ከተባለ ትርፍ ሰዓት ነው። ከማታው አራት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በ1.75 ይባዛል፤ የቀኑ በ1.5፣ የሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ የሕዝብ በዓል በ2.5። የውጭ ቀጣሪ የቀን መቁጠሪያ ላይ ዒድ አልፈጥርም መስቀልም የሉም። ውሉ ሲፈረም የእኛ በዓላት በስም ቢጻፉ ጥሩ ነው።

የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። የወሊድ ፈቃድ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ነው። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አያልፍም። የውል ጊዜን መገደብ የሚቻለው ሕጉ ለዘረዘራቸው ሥራዎች ነው፤ እንደ ቡና ለቀማ ያለ ወቅታዊ ሥራ አንዱ ነው።

ስንብት ላይ የአሜሪካ ቀጣሪዎች በጣም ይደነግጣሉ። እነሱ ዘንድ ያለ ምክንያት ማሰናበት በአብዛኛው ይቻላል። እዚህ ከሠራተኛው ጠባይ፣ ከችሎታው ወይም ከድርጅቱ ሁኔታ ጋር የተያያዘ በቂ ምክንያት ያስፈልጋል። ማስጠንቀቂያውም ከአንድ እስከ ሦስት ወር ነው። ያለ አግባብ የተሰናበተ ሰው ወደ ሥራው እንዲመለስ ሊወሰንለት ይችላል። ካልተመለሰና ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ ከሆነ የቀን ደመወዙ በ180 ተባዝቶ በካሣ መልክ ይከፈለዋል።

ክርክሩ የሚታየው በክልሉ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ውል መተርጎም ይኖርበታል። ጊዜው አጭር ነው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል በ3 ወር፣ ደመወዝ ወይም የትርፍ ሰዓት ክፍያ ቀረብኝ የሚል በ6 ወር ውስጥ ካልከሰሰ ይርጋ ያግደዋል።