«ልጅ ቶሎ ይረሳል» እና ሌሎች ስለ ልጆች ጭንቀት የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ጦርነት፣ ድብደባ ወይም ከባድ አደጋ ያየ ልጅ ከወር በላይ ሲቃዥ፣ ያንን ነገር የሚያስታውሰውን ሁሉ ሲሸሽ፣ በር በተጋጨ ቁጥር ሲበረግግ፣ ባለሙያዎች ድኅረ አደጋ ጭንቀት ሊሉት ይችላሉ። ፒቲኤስዲ ሲባል የምንሰማው ይሄንኑ ነው። በልጅ ላይ መለየቱ ከባድ ነው። የልጁን ቋንቋና ያደገበትን ቤት ካላወቅን ደግሞ የባሰ ይከብዳል።

«ልጅ ምን ያውቃል? ቶሎ ይረሳል»

በ1976 እ.ኤ.አ. ቾውቺላ በምትባል የካሊፎርኒያ ትንሽ ከተማ 26 ልጆች ከነሹፌራቸው ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ላይ ታገቱ። ጠላፊዎቹ መሬት ውስጥ በተቀበረ የጭነት መኪና ሣጥን ውስጥ ዘጉባቸው። ከብዙ ሰዓት በኋላ ቆፍረው ወጡ፤ ሁሉም ተረፉ። የልጆች የአእምሮ ሐኪሟ ሌኖር ቴር ግን ከአራት ዓመት በኋላም ነገሩ ያልነካው አንድም ልጅ አላገኘችም።

ልጅ በቃል ያልነገረንን በጨዋታው ይነግረናል። እቃቃ ስትጫወት ወጡን ሠርታ ሳትጨርስ «መጡ! መጡ!» ብላ ሁሉን የምትበትን ልጅ አስቡ። ጨዋታው በየቀኑ አንድ ዓይነት ነው። ሳቅም የለበትም። እዚያ ጋ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

«ዝም ያለ ልጅ ደህና ነው»

ይሄኛው በእኛ ቤት ሥር የሰደደ ነው። ድሮ ሲሯሯጥ የነበረ ልጅ ድንገት ጥግ ይዞ ሲቀመጥ «ተመስገን፣ አሁንማ አደበልኝ» እንላለን። ጭምትነትን እንወዳለን፤ ስለዚህ ሽሽቱ ጨዋነት ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ወላጆች ስለ ልጃቸው የሚናገሩት ምልክት ልጁ ራሱ ከሚናገረው ያንሳል። ልጁም የሚደብቅበት ምክንያት አለው። እማዬ እንዳታለቅስ ብሎ ነው። ስለዚህ እናትንም ልጅንም ለየብቻ መጠየቅ ይሻላል።

በሌላ በኩል፣ አንገቱን ደፍቶ ትልቅ ሰው ዓይን የማያይ ልጅ ታማሚ ላይሆን ይችላል። እንዲያ ተብሎ ነው ያደገው።

«መጠይቁ ከተተረጎመ በቃ»

አይበቃም። ባለሙያዎች ይሄን ጭንቀት ለመለየት የሚጠቀሙባቸው ብዙዎቹ መጠይቆች መጀመሪያ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። አንዱ የተለመደ ጥያቄ ስሜት መጥፋትን ይመለከታል። ተርጓሚው «ደንዝዘሃል?» ብሎ ቢጽፈው፣ ሌላ ሰው ትርጉሙን ለማጣራት ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው ትክክል ነው ያሰኛል። የአሥር ዓመቱ ልጅ ግን የሚሰማው «ደንዛዛ ነህ?» የሚል ስድብ ነው። «አይደለሁም!» ይላል። ወረቀቱ ላይም ምልክቱ የለበትም ተብሎ ይሞላል። «ሌሎች ሲስቁ ወይም ሲያለቅሱ አንተን ምንም አይልህም?» ቢባል ኖሮ መልሱ ሌላ ይሆን ነበር። ለዚህ ነው ጥያቄው ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ከልጆች ጋር ቁጭ ብሎ «ይሄ ምን ማለት ይመስልሃል?» ማለት የሚያስፈልገው።

«ባለፈው አንድ ወር» የሚለውም ለትንሽ ልጅ ግልጽ አይደለም። «ከጥምቀት ወዲህ» ወይም «ከረመዳን ወዲህ» ቢባል ወዲያው ይገባዋል። «አልፎ አልፎ» እና «ብዙ ጊዜ» የሚሉትን ለመለየት ደግሞ ባዶ፣ ግማሽና ሙሉ ብርጭቆ ሥሎ ማሳየት ይረዳል።

መጠይቁ ላይ በተዘረዘሩት ምልክቶች ውስጥ የሌለም አለ። ስንት ልጅ ነው ፍርሃቱን «ሆዴን ቆረጠኝ» ወይም «ራሴን አመመኝ» ብሎ የሚናገረው! ሩዋንዳውያን ከ1994ቱ የዘር ጭፍጨፋ በኋላ «ኢሃሃሙካ» የሚሉት ነገር አላቸው፤ ትንፋሽ የሚያሳጣ ድንጋጤ ነው። ሰው ሕመሙን የሚጠራበትን ስም ያልጠየቀ መርማሪ ግማሹን ሳይሰማ ይሄዳል።

«የፈረንጅ በሽታ ነው»

ፒቲኤስዲ የሚለው ስም በ1980 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሐኪሞች መመሪያ ውስጥ መግባቱ እውነት ነው። ቅዠቱና መበርገጉ ግን በየአገሩ ታይቷል። ቤተሰቡ ልክፍት ነው ካለ ባለሙያው መከራከር የለበትም፤ ምን አይተው እንዲያ እንዳሉ ይጠይቅ። ጠበል መሄድም ሐኪም ከማየት አይከለክልም።

«ነጥቡ ከፍ ካለ ታሟል»

መጠይቅ ወንፊት ነው፤ ምርመራው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሌላ አገር ላይ «ከዚህ በላይ ከሆነ ያሰጋል» ተብሎ የተቆረጠ ነጥብ እኛ ጋ ላይሠራ ይችላል። ተኩስ ገና ባልቆመበት ቦታ ጆሮውን አቁሞ የሚተኛ ልጅ ሕይወቱን እየጠበቀ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ የታተመ ሥራም አሰቃቂ ነገር ከደረሰባቸው ልጆች ፒቲኤስዲ ያለባቸው ከ100 ወደ 16 ገደማ እንደሆኑ አሳይቷል። ብዙዎቹ አይታመሙም።

«ወንድሙ ያስተረጉምለታል»

ውጭ አገር ያላችሁ ይሄን ልብ በሉልኝ። በሊቢያ በኩል አብሮ የመጣ ታላቅ ወንድም የራሱ ቁስል አለበት። ታናሹ ያለውን ያለዝበዋል፣ ወይም ይዘለዋል። ታናሹም ቤት ውስጥ ያልተነሳ ጉዳይ እሱ ፊት አያነሳም። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። ቀጠሮ ስትይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ። አስተርጓሚው ከአንድ ሰፈር ወይም ከአንድ ዕድር የመጣ ሰው ሆኖ ልጁ ካፈረም፣ ሌላ እንዲመጣ መጠየቅ ነውር አይደለም።